ሯጩና ሰንደቅ ዓላማው

የረዥም ርቀት ሩጫ ታሪክ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚቆጥረው ሰዓት ነው። እገሌ በዚህን ያህል ገባ፣ እገሌ ይህን ያህል ሰከንድ ቀነሰ፣ ይባላል። መልካም ነው፤ ሰዓቱንም በየቦታው እናነሣዋለን። በዚህ ዕትም አጥብቀን የምንከተለው ግን ሯጩ ደረቱ ላይ የለበሰውን ምልክት ነው። ማን ሰጠው? ወድዶ ነው የለበሰው ወይስ ሌላ መንገድ አጥቶ? ያሸነፈ ለት የተሰቀለው የማን ሰንደቅ ዓላማ ነው? እንዲህ ያለውን ጥያቄ በራሽን ካርድ ቁጥር የሚጠራ ሰው ቢጠይቅ የሚገርም አይመስለንም።

ዓመቶቹን በአውሮጳ አቆጣጠር ጽፈናል፤ የኦሊምፒክ መዝገብ በዚያ ስለሚሄድ ነው። ይህን ገጽ ለየሰፈሩ የምትገለብጡ ወንድሞችና እኅቶችም ቁጥሮቹን፣ በተለይም የሰዓቱን፣ እንዳታዛቡብን አደራ እንላለን።

ማራቶን በ1896 አቴና ላይ ሲጀመር ያሸነፈው ግሪካዊው ስፒሪዶን ሉዊስ በገዛ ሀገሩ፣ በገዛ ወገኑ ፊት ሮጦ ገባ። ከዚህ የተሻለ ዕድል ሯጭ አያገኝም። ዛሬ የሚሮጠው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የመጣው ደግሞ ከ1908ቱ የለንደን ውድድር ነው። በኦሊምፒክ ማራቶን የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አፍሪካውያን ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1904፣ አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ታይተዋል። ሌን ታውንያኔና ጃን ማሺያኒ ይባላሉ፤ ሁለቱም የጽዋና ተወላጆች ናቸው። ወደ ከተማይቱ ያመጣቸው ሩጫ አልነበረም፤ በዚያ በተከፈተው ትልቅ የዓለም ኤግዚቢሽን የቦርን ጦርነት የሚያሳይ ትርኢት ነበርና ከትርኢቱ ጋር ነው የመጡት። በሙቀቱና በአቧራው ብዛት ከተነሡት 32 ሯጮች የጨረሱት 14 ብቻ ሲሆኑ ታውንያኔ 9ኛ፣ ማሺያኒ 12ኛ ሆነው ገቡ። መዝገቡ ሁለቱንም «ደቡብ አፍሪካ» ይላቸዋል። የደቡብ አፍሪካ ኅብረት ግን የተመሠረተው በ1910 ነው፤ ሲመሠረትም ለእነሱ ዓይነቱ ሰው ተብሎ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አፍሪካዊ በማራቶን ሲያሸንፍ የምናየው በ1928 አምስተርዳም ላይ ነው። አሸናፊው አህመድ ቡጌራ ኤል ዋፊ የአልጀሪያ ሰው ነው፤ የሮጠው ለፈረንሳይ ነው። በፈረንሳይ ጦር አገልግሎ ኋላ ፓሪስ አጠገብ በሬኖ የመኪና ፋብሪካ ይሠራ ነበር። 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ሮጦ ወርቁን ለፈረንሳይ አስገኘ። ሳይቆይ አሜሪካ ሄዶ በገንዘብ ስለ ሮጠ «አማተር አይደለህም» ተብሎ ከውድድር ታገደ፤ ከዚያ በኋላ ድህነት ያዘው፣ ተረሳም። በ1959 እዚያው ፓሪስ ዳር በጥይት ተገድሎ ሞተ። ከመሞቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ሌላው የአልጀሪያ ተወላጅ አላን ሚሙን ለዚያችው ለፈረንሳይ የማራቶን ወርቅ አስገኝቶ ነበር። ያን ጊዜ አልጀሪያ ውስጥ ጦርነቱ ከተነሣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለሚሙን ፍትሕ ለማድረግ ግን አንድ ነገር ማለት ይገባናል፤ ሚሙን ፈረንሳይነቱን ከልቡ የወደደ ሰው ነበር፤ ማንም አስገድዶት አልነበረም። የሰውን ልብ ከማልያው ቀለም ብቻ ማንበብ አይቻልም።

በዚህ ነገር ከኮሪያዊው ሶን ኪ ጆንግ ታሪክ የሚስተካከል አላገኘንም። ጃፓን ኮሪያን በ1910 ጠቅልላ ይዛት ስለ ነበር፣ የ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ሲደርስ መሮጥ የፈለገ ኮሪያዊ የጃፓንን ማልያ ከመልበስ በቀር መንገድ አልነበረውም። ስሙ እንኳ በጃፓንኛ አነባበብ «ሶን ኪቴይ» ተብሎ ተመዘገበ። ሶን 2 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ፤ የሀገሩ ልጅ ናም ሱንግ ዮንግም ሦስተኛ ወጣ። የጃፓን መዝሙር ሲዘመር ሁለቱ ወጣቶች በሽልማቱ ሰገነት ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ሶን ለአሸናፊው የተሰጠውን ችግኝ ወደ ደረቱ አስጠግቶ ምልክቱን ሸፈነበት። ናም በኋለኛው ዘመን ሲናገር በሶን የቀናው በወርቁ ሳይሆን ደረቱን በሸፈነበት በዚያ ችግኝ ነው ማለቱ ይነገራል። ሰዎች ፊርማ ሲጠይቁት ሶን በኮሪያ ፊደል ይፈርም ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሴኡል የሚታተመው ዶንግ አ ኢልቦ የተባለው ጋዜጣ የሶንን ፎቶግራፍ ሲያወጣ ከደረቱ ላይ የጃፓንን ምልክት አጥፍቶ አወጣው። ሠራተኞቹ ታሰሩ፤ ጋዜጣውም ለ9 ወር ያህል ታገደ። እኛ በብዕርና በካርቦን የምንሠራ ሰዎች ስለሆንን ይሁን በሌላ ምክንያት፣ እዚህ ላይ ስንደርስ ሥራችንን አቁመን ጥቂት ተነጋግረናል። ስለ አንዲት ክብ ቀለም ሰው ይታሰራል? አዎን፣ ይታሰራል። የኦሊምፒኩ ኮሚቴ መዝገብ ዛሬም ያን ወርቅ የሚያስቆጥረው ለጃፓን ነው። አንባቢ ይህን ሰው በልቡ ይያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ሮም፣ 1960። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሀገር ቤት ችቦ የሚበራበት ምሽት ነው። ሮም ላይ ደግሞ ውድድሩ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ማታ ግድም ስለ ተጀመረ፣ ሲጨልም የኢጣሊያ ወታደሮች በመንገዱ ዳርና ዳር ችቦ ይዘው ቆመው ለሯጮቹ ያበሩ ነበር። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ የተገዛለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ባዶ እግሩን ነው የተነሣው። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ተጠንቀቅ ያሉት ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር፤ ራዲ ግን ይለብሳል የተባለውን ቁጥር ሳይለብስ በሌላ ቁጥር ሮጠ። ስለዚህ አበበ አጠገቡ የሚሮጠው ሰው ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ፣ ራዲ ገና ከፊት ያለ መስሎት ሲሮጥ አመሸ። በ1937 ከአክሱም ተነቅሎ የተወሰደው ሐውልት በቆመበት አደባባይ ሲደርሱ ግን አበበ ጥሎት ሄደ። ቦታው ወደ መጨረሻው የተቃረበና ጥቂት ዳገት ያለበት በመሆኑ አስቀድሞ ለዚህ ተመርጦ ነበር ይባላል። በኮንስታንቲን ቅስት ሥር የገባው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው፤ ራዲ ከ25 ሰከንድ ያህል በኋላ ተከተለው።

ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከአያት ከአባት ሰምተነዋል። ብዙ የማይወራው ግን ሁለተኛው ነው። ሞሮኮ ነፃነቷን ያገኘችው በ1956 ነው። ሩጫው አምስት ዓመት ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ራዲም እንደ ኤል ዋፊ፣ እንደ ሚሙን፣ ለፈረንሳይ ይሮጥ ነበር ይሆናል። በዚያች ማታ ግን አንደኛውም ሁለተኛውም አፍሪካውያን በየገዛ ሀገራቸው ስም ገቡ። አበበ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ልጅ ነው። ሐውልቱ ግን ወደ አክሱም የተመለሰው ከ45 ዓመት በኋላ፣ በ2005 ነው፤ ዳግመኛ የቆመውም በ2008።

አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ደገመ፤ ሁለተኛው የገባው ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም። በ1968 ሜክሲኮ ላይ በጉዳት ምክንያት መንገድ ላይ ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ ቦታውን ይዞ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ ወርቁን አስቀረ። ሦስት ኦሊምፒክ፣ ሦስት ወርቅ፣ አንድ ሰንደቅ ዓላማ። ማሞ በ1972 ሙኒክ ላይም በ40 ዓመቱ ነሐስ አግኝቷል። የዚህ ሰው የኋላ ዕድሜ ግን መራር ነው፤ በቀይ ሽብር ዘመን ከተፈጸመ ግድያ ጋር በተያያዘ ክስ በ1992 ታስሮ ዘጠኝ ዓመት በላይ በእስር ከቆየ በኋላ ፍርድ የተሰጠው በ2002 መጀመሪያ ነው፤ የተፈረደበት ስድስት ዓመት ስለ ነበር ወዲያው ተፈታ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዐረፈ። ከፍርዱ በላይ የቆየውን የእስር ዘመን ማን እንደሚመልስለት አንጠይቅም፤ የሚመልሰው የለም።

በሜክሲኮ ሌላም ሰው ነበር። የታንዛንያው ጆን ስቴፈን አክዋሪ መንገድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተጎድቶ፣ እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ፣ ማሞ ከገባ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ከሁሉ በኋላ ገባ። ስታዲየሙ ሊጨልም፣ ተመልካቹም ሊበተን ነበር። ለምን አላቋረጥህም ቢሉት፣ ሀገሬ ይህን ያህል መንገድ የላከችኝ ሩጫ እንድጀምር ሳይሆን እንድጨርስ ነው ማለቱ ይነገራል። መልሱ ያማረ ነው። ግን ሀገር ሯጭን እንዲጀምር እንኳ ያልላከችበት ጊዜ አለ፤ አሁን የምንሄደው ወደዚያ ነው።

በ1976 የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለ ተጫወተ፣ ኒው ዚላንድ ከኦሊምፒክ ትውጣ፣ አልወጣም በሚል ክርክር ከሃያ የሚበልጡ ሀገሮች፣ ኢትዮጵያና ኬንያም ጭምር፣ የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ጥለው ቀሩ። የአፓርታይድ ነገር ስለ ሆነ ምክንያቱን አንነቅፍም። ዋጋውን የከፈለው ግን ሯጩ ነው። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ ለ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ ሳይደርስ የቀረ፣ አራት ዓመት ሙሉ ያን ሲቆጥር የከረመ ሰው ነበር። ሞንትሪያል ላይ ሁለቱንም ወርቅ ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን ወሰደ።

ከዚህ የባሰ የደረሰበት ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ ነው። ሮኖ በ1978 በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ 3,000፣ 5,000፣ 10,000 እና 3,000 ሜትር መሰናክል። እንዲህ ያለ ሯጭ ከርሱ በፊትም ከርሱ በኋላም አልታየም ብንል ማጋነን አይሆንም። ግን ኬንያ በ1976 ቀረች፣ በ1980ም ቀረች። ሮኖ በዕድሜው አንድም ጊዜ ኦሊምፒክ ሳይሮጥ በ2024 ሞተ።

ለምሩፅ ግን 1980 ደረሰለት። ሞስኮ ላይ አሜሪካና ብዙ ሀገሮች ሲቀሩ ኢትዮጵያ ሄዳለች። «ማርሽ ቀያሪው» የሚለው ስም የወጣለት በከንቱ አይደለም፤ በ10,000 ሜትር ሌሎቹ ተራ በተራ እየመሩ ሲደክሙ እርሱ ጠብቆ፣ ሊያበቃ 300 ሜትር ያህል ሲቀረው ማርሹን ቀየረ፤ ከቀናት በኋላ በ5,000 ሜትርም ወርቁን ደገመው። አጭርና ራሰ በራ ነበረና ዕድሜውን የውጭ ጋዜጠኞች ሲጠይቁት በቀልድ ያመልጣቸው ነበር። እኛ ከሁለቱ ወርቅ ይልቅ የምናስታውሰው ግን የኋላውን ነው። ምሩፅ በኋለኛው ዘመኑ ካናዳ ገብቶ በስደት ኖረ፤ በ2016 መጨረሻ ቶሮንቶ ላይ ዐረፈ፤ አስከሬኑ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ተቀበረ። ሰንደቅ ዓላማዋን ሞስኮ ላይ ሁለት ጊዜ ያሰቀለ ሰው በሀገሪቱ መኖር አልሆነለትም፤ መቀበር ሆነለት።

ቀጥሎ ያለው ዘመን ከሁሉ የሚቆጨን ነው። የኢትዮጵያ ሯጮች በዓለም የሀገር አቋራጭ ሻምፒዮና ከ1981 እስከ 1985 አምስት ዓመት በተከታታይ በቡድን አሸነፉ። በመጀመሪያው፣ ማድሪድ ላይ፣ ዙር ተሳስተው አንድ ዙር ሲቀር ያለቀ መስሏቸው ፈትለክ ብለው ነበር፤ ነገሩ ሲገባቸው ተመልሰው ገብተው እንኳ ቡድኑ አሸነፈ። ከዚህ ወዲያ ጥንካሬ ምን ይባላል? በ1983 ሄልሲንኪ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ከበደ ባልቻ በማራቶን ብር አገኘ። እንዲህ ያለ ቡድን ተይዞ 1984 ደረሰ፤ ሶቭየት ኅብረት ሎስ አንጀለስ አልሄድም አለች፣ ኢትዮጵያም ተከተለች። በምትኩ ሞስኮ ላይ በተዘጋጀው የወዳጅነት ውድድር ደረጀ ነዲ ማራቶኑን አሸነፈ፤ ግን ያን ማን ያስታውሰዋል? ሎስ አንጀለስ ላይ የ37 ዓመቱ ፖርቱጋላዊ ካርሎስ ሎፔስ ወርቁን ወሰደ። ዓመቱ ረኀቡ የገነነበት፣ ብዙ ወገናችን ልጅ አዝሎ ወደ ሱዳን ድንበር የተጓዘበት መሆኑን ለናንተ መንገር አያስፈልግም። የሩጫው ነገር በዚያ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ቢሆንም እንጽፈዋለን።

አሁን 1988። ሚያዝያ 17 ቀን በአውሮጳ አቆጣጠር፣ ሆላንድ ውስጥ ሮተርዳም ከተማ ላይ፣ በላይነህ ዴንሳሞ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጠ። ከሰባት ደቂቃ በታች የገባ ሰው ከዚያ ቀን በፊት አልነበረም። ክብረ ወሰኑ ብራዚላዊው ሮናልዶ ዳ ኮስታ በርሊን ላይ በ1998 እስኪሰብረው ድረስ አሥር ዓመት ቆየ። በዚያ ውድድር ከበላይነህ 17 ሰከንድ ዘግይቶ ሁለተኛ የገባው ጎረቤታችን፣ የጂቡቲው አህመድ ሳላህ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሎፔስ ይዞት ከነበረው ክብረ ወሰን የፈጠነ ሰዓት ነበር ያስመዘገበው።

ከአምስት ወር በኋላ ሴኡል ላይ ኦሊምፒክ ሆነ። ኢትዮጵያ ለሰሜን ኮሪያ በማድላት ቀረች። በአህመድ ሳላህ ደረት ላይ የጂቡቲ ምልክት ነበር፤ ሦስተኛ ወጥቶ ለሀገሩ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳልያ አስገኘ። ያሸነፈው ኢጣሊያዊው ጄሊንዶ ቦርዲን 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ነው የሮጠው። የሴኡልን ሙቀትና የሮተርዳምን ቀዝቃዛ አየር ማመዛዘን እንደማይገባ እናውቃለን፤ በላይነህ ቢሄድ ወርቁ የርሱ ነበር ብለንም አንምልም። የምንለው ይህን ነው፤ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘው ሰው ጤነኛ ሆኖ፣ ወጣት ሆኖ፣ ሀገር ኖሮት፣ መነሻው መስመር ላይ እንኳ አልቆመም። የ1976ቱን ቅሬታ በምክንያቱ እንቀበለዋለን። የ1984ቱና የ1988ቱ ግን የሰው ጠብ ነበር፤ የኛ ልጆች ገቡበት።

በዚያው በሴኡል መክፈቻ ቀን የኦሊምፒኩን ችቦ ይዞ ወደ ስታዲየሙ የገባው አንድ ሽማግሌ ነበር። ነጭ ለብሶ፣ እንደ ልጅ እየዘለለ ነው የገባው። ሶን ኪ ጆንግ ነው። ከ52 ዓመት በኋላ፣ በገዛ ከተማው፣ በገዛ ስሙ። አንዱ ሯጭ ሀገሩን ሲያገኝ በዚያች ሰዓት ሌላው በሀገሩ ትእዛዝ ቤቱ ተቀምጦ ነበር፤ ታሪክ እንዲህ አድርጎ ሲገጣጥመው ግርም ይለናል።

1992 ባርሴሎና ላይ ቂሙ ጥቂት ተፈታ። ከበቆጂ የመጣችው ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አሸንፋ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሁለተኛ የገባችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኢላና ሜየር ናት። ደቡብ አፍሪካ ከዚያ በፊት በኦሊምፒክ የታየችው ለመጨረሻ ጊዜ ሮም ላይ፣ በዚያችው በ1960 ነበር፤ ባርሴሎና የገባችውም የቀድሞውን ሰንደቅ ዓላማዋን ትታ ለጊዜው በተዘጋጀ ምልክት ነው። ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ከ16 ዓመት በፊት ምሩፅን ከሞንትሪያል ያስቀረው ጉዳይ መዘጋቱን በቃል ያልተናገረ ሥዕል ነበር።

ሰዓቱን ለሚወዱ አንባብያን እነሆ በአጭሩ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ ከአራት ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በ2019 ቪየና ላይ ክብረ ወሰን ሆኖ በማይመዘገብ፣ ለርሱ ብቻ በተዘጋጀ ሩጫ 1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሮጠ፤ ኬልቪን ኪፕተም በ2023 ቺካጎ ላይ 2 ሰዓት ከ0 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ አስመዝግቦ በጥቂት ወር ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ። ወደ ነገራችን እንመለስ።

ከዚህ ወዲያ ያለው የስደተኛው ዘመን ነው። ከአስመራ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ፣ ኢጣሊያን ዞሮ አሜሪካ የገባው መብራህቶም ክፍለእዝጊ በ2004 አቴና ላይ ለአሜሪካ በማራቶን ብር አገኘ፤ በ2014ም ቦስተንን አሸነፈ። ሎፔዝ ሎሞንግ በልጅነቱ ከደቡብ ሱዳን ሸሽቶ ኬንያ ካኩማ ጣቢያ አሥር ዓመት ኖረ። በ2000 የሲድኒን ኦሊምፒክ ለማየት ብዙ መንገድ በእግሩ ሄዶ፣ አምስት ሽልንግ ከፍሎ፣ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጡን ራሱ ተርኮታል፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ቤጂንግ ላይ የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ቡድኑን የመራው እርሱ ነው። ለእንግሊዝ በለንደንና በሪዮ አራት ወርቅ ያገኘው ሞ ፋራህ ደግሞ በ2022 እውነቱን ተናገረ፤ ከሶማሊላንድ የሆነ ልጅ እንደ ነበረ፣ በጂቡቲ በኩል በሌላ ልጅ ስም ተወስዶ እንግሊዝ እንደ ገባ፣ የተወለደበት ስሙም ሁሴን አብዲ ካሂን እንደ ሆነ። ሶን ኪ ጆንግን ያስታውሷል። የሱን ስም ወራሪ ቀየረው፤ የዚህን ደላላ ቀየረው።

ጉዎር ማሪያል የሚባለው ደቡብ ሱዳናዊ ነገር ለብቻው ይነገር። በ2012 አዲሷ ሀገሩ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ገና አልነበራትም፤ በሱዳን ስም እንዲሮጥ ቢጠየቅ፣ ወገኖቼን በገደለ ሀገር ስም አልሮጥም አለ። በኦሊምፒኩ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ለንደን ላይ ማራቶን ሮጦ 47ኛ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ሪዮ ላይ የደቡብ ሱዳንን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ የገባው እርሱ ነበር። ከወርቅ ይልቅ የዚህ ሰው 47ኛነት ሆዳችንን ያባባል።

በዚያው በ2016 ሪዮ ላይ ነው የስደተኞች ቡድን የሚባል ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው። አሥር ሰዎች ነበሩ፤ አምስቱ ከካኩማ የወጡ ደቡብ ሱዳናውያን ሯጮች ሲሆኑ ያሠለጠነቻቸው ኬንያዊቷ የማራቶን ጀግና ቴግላ ሎሩፔ ናት። ከአሥሩ አንዱ ኢትዮጵያዊው ዮናስ ክንዴ ነው፤ ሉክሰምበርግ በስደት የሚኖር የማራቶን ሯጭ። የመጨረሻው ቀን ማራቶን ላይ ሆነ እንግዲህ ይህ ነገር። ኪፕቾጌ አንደኛ ገባ። የኢትዮጵያን ማልያ የለበሰው ፈይሳ ሌሊሳ ሁለተኛ ሲገባ፣ በኦሮሞ ሰልፈኞች ላይ የሚፈጸመውን ግድያ ለመቃወም ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣመረ። ወደ ሀገሩ ሳይመለስ አሜሪካ ቀረ፤ የተመለሰው በ2018 ነው። ዮናስ ክንዴ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሮጦ 90ኛ ገባ። በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ አንዱ ኢትዮጵያዊ በሀገሩ ማልያ ሮጦ በዚያችው ደቂቃ ስደተኛ ሆነ፤ ሌላው ስደተኛ ሆኖ ሮጦ ገባ። ሰዓታቸው ከሩብ ሰዓት ጥቂት ያንሳል ይለያያል፤ ሌላው ነገራቸው ምን ያህል እንደሚለያይ አንባቢ ይፍረድ።

በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ከኤርትራ በ12 ዓመቱ ወጥቶ፣ በኢትዮጵያና በሱዳን አልፎ፣ ሲናን አቋርጦ እስራኤል የገባው ታክሎዊኒ ገብረየሱስ በስደተኞች ቡድን ሮጦ 16ኛ ሆነ። የቡድኑንም ሰንደቅ ዓላማ በመክፈቻው ከያዙት ሁለቱ አንዱ ነበር።

በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ታየ። ከአዳማ በ15 ዓመቷ ተሰዳ ሆላንድ የገባችው ሲፋን ሐሰን በሴቶች ማራቶን የኢትዮጵያዋን ትግስት አሰፋን በመጨረሻው ሩጫ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው፣ በሦስት ሰከንድ ቀደመቻት። ኢትዮጵያ አቤት ብላ ነበር፤ አልተሰማም። በጣቢያችን ስለዚህ ሩጫ የተነሣው ክርክር ገና አላለቀም፤ ግማሹ ሲፋን የኛው ልጅ ናት ይላል፣ ግማሹ ትግስት ተበደለች ይላል፤ ሁለቱንም የሚል አለ፤ ከዝግጅት ክፍላችን አብዛኛው ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነው።

ሁለተኛው በ5,000 ሜትር ነው። ዶሚኒክ ሎባሉ ከደቡብ ሱዳን በልጅነቱ ወደ ኬንያ የተሰደደ፣ በቴግላ ሎሩፔ የስደተኞች ቡድን ያደገ፣ በ2019 ጄኔቭ ላይ ሮጦ ካሸነፈ በኋላ ቡድኑን ትቶ ስዊስ የቀረ ሯጭ ነው። በ2024 ሰኔ ወር ሮም ላይ በአውሮጳ ሻምፒዮና ለስዊስ ሮጦ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ5,000 ሜትር ነሐስ አገኘ። ሁለት ወር ሳይሞላ ኦሊምፒኩ ሲመጣ፣ ዜግነቱ ገና ስላልተሰጠው በስዊስ ስም መሮጥ አልተፈቀደለትም። ስለዚህ በስደተኞች ቡድን ማልያ ገባ። እስከዚያ ቀን ድረስ በስደተኞች ቡድን ስም የሮጠ ማንም ሰው ሜዳልያ አላገኘም ነበር። የመጨረሻው መቶ ሜትር ላይ ሎባሉ እየደረሰ፣ እየደረሰ መጣ። ነሐሱን የወሰደው አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር 13 ደቂቃ ከ15.13 ሰከንድ፤ ሎባሉ 13 ደቂቃ ከ15.27። አራተኛ።

ከመካከላችን የሞስኮን ሩጫ በ1980 በሬድዮ የሰሙ፣ ምሩፅ ማርሽ ሲቀይር ሰፈር ሙሉ የጮኸበትን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች እንዳሉ እናውቃለን። መጻፍ ባይመቻቸው ለአንዱ ልጅ ነግረው ያስጽፉልን፤ ለሚቀጥለው ዕትም ሁለት ገጽ ባዶ ይዘናል።